የዘገምተኛው ስልክ ልኬት በማን እጅ ነው? «ፍሬምወርክ መጠገን የእኛ ሥራ አይደለም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አንብበውና የሚመስልህን ንገረኝ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው በሙያው የቆዩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ ለወጣቶችም ከልባቸው ያስባሉ። የደረሱበት ነገር ግን ልክ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ዝም ብዬ ባልፈው ሙያውን ገና የሚጀምሩ ልጆች እንደ ምክር ይዘውት ይሄዳሉ ብዬ ሰጋሁ።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። እንደ ፍላተር ያሉ ኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) የአፕ ፍሬምወርኮችን፣ ማለትም አፕ የሚሠራባቸውን ዝግጁ መሠረቶች መጠገን፣ በተለይ የዴቨሎፐር ቱሎቻቸውን ማስተካከልና ፍጥነታቸውን መከታተል፣ ለኢትዮጵያዊ ባለሙያ ጊዜ ማባከን ነው። ምክንያቶቹ አምስት ናቸው። አንደኛ፣ ፍሬምወርኩ የጎግል ስለሆነ ጥገናውም የጎግል ነው። ሁለተኛ፣ ስልክ በየዓመቱ እየፈጠነ ስለሚሄድ የፍጥነት ችግር በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ ኮድ ያልጻፈ ሰው አስተዋጽኦ አድርጓል አይባልም። አራተኛ፣ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ተቀምጦ ይህን በሚያህል ፕሮጀክት ላይ መሥራት አይቻልም። አምስተኛ፣ ጉልበቱ ካለን የራሳችንን ፍሬምወርክ እንሥራ።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ። የምሠራውም እዚሁ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ሥር ባለች ጠረጴዛ። ይህንንም የምጽፈው እዚያችው ላይ ሆኜ ነው።

«የጎግል ነው» ከሚለው ልጀምር። ፍላተርን የጀመረው ጎግል መሆኑ እውነት ነው። የመጀመሪያው የተረጋጋ ስሪት የወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ነው፤ ዛሬም ሰው ቀጥሮ ትልቁን ሥራ የሚያሠራው ጎግል ነው። ኮዱ ግን የወጣው በቢኤስዲ ፈቃድ ነው። ማንም ወስዶ ሊለውጠው፣ ሊሸጠው፣ በራሱ መንገድ ሊያስቀጥለው ይችላል። ይህ ደግሞ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ መብት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ጎግል ከፍላተርና ከዳርት (የፍላተር አፖች የሚጻፉበት ቋንቋ) ቡድኖች ሠራተኛ ሲቀንስ ብዙ ሰው ደነገጠ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይም «ፍሎክ» የተባለ ፎርክ (ከፍላተር ኮድ ተነስቶ ለብቻው የሚቀጥል ቅርንጫፍ) ይፋ ሆነ። የመሥራቹ ዋና ቅሬታ የቡድኑ ቁጥር ከተጠቃሚው ብዛት ጋር አይመጣጠንም የሚል ነበር። ፎርኩ ትክክል ነበር አልነበረም ሌላ ክርክር ነው። እኔ ከዚህ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ ባለቤት አለው ማለት እጅ ሞልቶታል ማለት አይደለም።

ጸሐፊው «ቤት ኪራይ ያስጨነቀው ልጅ ለባለጸጋ ድርጅት በነጻ አይልፋ» ያሉት ግን ልቤን ነክቶታል፤ በዚህ አልከራከራቸውም። ልጆች መጀመሪያ እንጀራቸውን ያግኙ። እኔ የምለው ሥራ ግን ከዕለት ሥራችን ውጭ ተፈልጎ የሚመጣ አይደለም። ለራሴ ደንበኛ ስሠራ ስህተት አገኛለሁ፤ ምክንያቱን ለማወቅ ግማሽ ቀን አጠፋለሁ። ግማሹ ቀን አንዴ ወጥቷል። ያገኘሁትን ጽፎ ለመላክ የሚያስፈልገኝ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ነው። ያንን ሰዓት ብሰስት ስሪት በቀየርኩ ቁጥር ያችኑ ስህተት ለብቻዬ ተሸክሜ እዞራለሁ። ለጎግል ውለታ የዋልኩ አይመስለኝም፤ የራሴን ሸክም ነው ያወረድኩት።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ጽሑፉ ከሁሉ በላይ የሳተው እዚህ ላይ ነውና።

«ስልክ እየፈጠነ ነው» ይላሉ። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ላይ አንድ ፍሬም (አንድ የስክሪን ምስል) ተሠርቶ ለማለቅ ያለው ጊዜ ከ17 ሚሊሰከንድ ያንሳል። በሰከንድ 120 ጊዜ በሚታደሰው አዲስ ስልክ ላይ ይህ ጊዜ ወደ 8 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ስለዚህ ውዱ ስልክ ላይም ቢሆን የተሰጠን ጊዜ አጠረ እንጂ አልረዘመም። ይህ ስለ ውዱ ስልክ ነው።

የእኔ ሰፈር ስልክ ሌላ ነው። ከብሎካችን ሥር ሱቅ ያላቸው እናት አሉ፤ «እትዬ» እላቸዋለሁ። የሰፈሩን እቁብ የሚሰበስቡት እሳቸው ናቸው። አባሉ አርባ ሰው ነው። መዝገቡ ድሮ በደብተር ነበር፤ እኔ ትንሽ አፕ ሠራሁላቸው፦ የአባሉ ፎቶ፣ ስም፣ የከፈለበት ቀን፣ ዕጣ የወጣለትና ያልወጣለት። ስልካቸው አንድሮይድ 8.1 ጎ የተጫነበት፣ አንድ ጊጋባይት ራም ያለው ነው። ላፕቶፔ ላይ በኢሙሌተር (ስልክን በሚያስመስል ፕሮግራም) ስሞክረው ምንም እንከን አላየሁበትም። እሳቸው እጅ ላይ ግን ዝርዝሩን ወደ ታች ሲስቡት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ ዘሎ አምስት ሰው ያልፋል፤ አንዳንዴም አፑ ጭራሽ ይዘጋል። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሰው ፊት እያሳፈረኝ ነው፤ ደብተሬ ይሻለኛል» አሉኝ።

ስልካቸውን ለአንድ ምሽት አዋሱኝ። በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁና ዴቭቱልስን ከፈትኩ። ከፍላተር ጋር የሚመጣው የአፕ መመርመሪያ ይህ ነው። ውስጡ ከሚታዩበት ቦታ በላይ ሰፍተው ሜሞሪ የያዙ ፎቶዎችን የምታሳይ አንዲት ቁልፍ አለች። ስትጫናት እንዲህ ያለውን ፎቶ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ትገለብጠዋለች፤ ቀለሙንም እንደ ድሮ ፎቶ ቤት ነጋቲቭ ታደርገዋለች። ተጫንኳት። የጎረቤቶቼ ፊት በሙሉ ተዘቀዘቀ፤ ቆዳቸው ወደ ሰማያዊ ሄደ፣ ጥርሳቸው ጠቆረ፣ ነጠላ ያደረጉት እናቶች ጥቁር የለበሱ መሰሉ። እየሳብኩ ወደ ታች ወረድኩ። አንድም ቀጥ ብሎ የቆመ ፊት አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶዎቹን ያነሳሁት በራሴ ስልክ ነበር። የ12 ሜጋፒክሰል ፎቶ ፋይሉ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ቢሆንም ስክሪን ላይ ለመሳል ሲፈታ 4000 በ3000 ፒክሰል ነው፤ እያንዳንዱ ፒክሰል 4 ባይት ይወስዳል፤ በድምሩ 48 ሜጋባይት ገደማ። ፍላተር ፎቶ የሚያቆይበት ካሽ ካልቀየሩት በስተቀር ጣሪያው 100 ሜጋባይት ነው። ሁለት ሰው ይይዛል ማለት ነው፤ ሦስተኛው ሲገባ የመጀመሪያው ይወጣል። ዝርዝሩ ወደ ላይና ወደ ታች በተሳበ ቁጥር ያው ፎቶ እንደ አዲስ ይፈታል። አንድ ጊጋባይት ራም ያለው ስልክ ይህን አይችለውም። ፎቶው በ150 ፒክሰል ስፋት ብቻ እንዲፈታ የምታዝ አንዲት መስመር ጨመርኩ። ከ48 ሜጋባይት ወደ 67 ኪሎባይት ገደማ ወረደ። እንደገና ቁልፏን ስጫን ሁሉም ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጸሐፊው «ይህ የአንተ አፕ ጥፋት እንጂ የፍሬምወርኩ አይደለም» ሊሉኝ ይችላሉ። አዎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ግን ጥፋቴን ያሳየችኝን ቁልፍ አንድ ሰው አስቦ ጽፏታል፤ በየስሪቱም መሥራቷን የሚያረጋግጥ ሌላ ሰው አለ። ቱል መጠገን ሲባል የሚሠራው ይኸው ነው። ያቺ ቁልፍ ባትኖር እኔ እስከ ዛሬ የእትዬን ስልክ እወቅስ ነበር፤ እሳቸውም ወደ ደብተራቸው ተመልሰው ነበር።

ደግሞ በእውነት የፍሬምወርኩ የሆነ ነገር አለ። ፍላተር ስክሪን ላይ ሁሉን ነገር የሚስለው በራሱ ሞተር ነው። ድሮ ሞተሩ ስኪያ ነበር። ስኪያ ለግራፊክስ ቺፑ የሚላኩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ሼደር የሚባሉትን፣ የሚያዘጋጀው አፑ እየሠራ እያለ ስለነበር አንድ እንቅስቃሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ለመፍታት ኢምፔለር የተባለ አዲስ ሞተር ተሠራ፤ ሼደሮቹ አስቀድመው ተዘጋጅተው ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ለአይፎን፣ በዲሴምበር 2024 ደግሞ ለአንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ ነባሪ፣ ማለትም ሳይመርጡት የሚሠራው ሞተር ሆነ። ከአንድሮይድ 10 በታች የሆኑት ስልኮችና ቩልካን የተባለውን አዲሱን የግራፊክስ መንገድ የማይደግፉት ግን በአሮጌው የኦፕንጂኤል መንገድ ነው የሚሄዱት።

የእትዬ ስልክ አንድሮይድ 8.1 ነው። በአሮጌው መንገድ ከሚሄዱት አንዱ ነው ማለት ነው። አዲሱ ሞተር በተሻሻለ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል፤ አሮጌው መንገድ ላይ የሚበላሽ ነገር ቢኖር ቀድሞ የሚያየው አዲስ ስልክ የያዘ ሰው አይሆንም። የፍላተር ቡድን እውነተኛ ስልኮች የተደረደሩበት ቤተ ሙከራ አለው፤ አዲስ ኮድ ሲገባ ፍጥነቱ ይለካል፤ ውጤቱንም ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። መልካም ሥራ ነው። ይሁንና በዓለም ላይ ያለውን ስልክ ሁሉ የሚሰበስብ ቤተ ሙከራ የለም። ያ ስልክ ያለው ቱሉ ዲምቱ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ከሳሙናው ካርቶን አጠገብ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ነው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።

ጩኸቱ ግን ቁጥር ያለው ይሁን። «ፍላተር ቀርፋፋ ነው» ብሎ መጻፍ ማንንም አይረዳም። ብዙ ልጆች ደግሞ የሚለኩት በዲበግ ሞድ (አፕ ሲጻፍ ስህተት በሚፈለግበት አሠራር) ነው፤ ይህ ልኬት ዋጋ የለውም። በዲበግ ጊዜ ኮዱ የሚተረጎመው አፑ እየሠራ ሳለ ነው፤ በዚያ ላይ የማረጋገጫ ፍተሻዎች ይጨመሩበታል። መለካት ያለበት በፕሮፋይል ሞድ (ፍጥነት ለመለካት በተዘጋጀው አሠራር)፣ በእውነተኛ ስልክ ላይ ነው፤ ኢሙሌተር አይሆንም። ከዚያ የዘገየው ፍሬም የዘገየው የት ላይ እንደሆነ ይለያል፤ የዳርት ኮዱ የሚሠራበት ክር (ትሬድ፣ ሥራው የሚሄድበት መስመር) ላይ ነው ወይስ ሥዕሉ የሚሳልበት የራስተር ክር ላይ? ይህን ለይቶ የላከ ሰው የሥራውን ግማሽ ሠርቶ ነው የላከው።

ሦስተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው። ኮድ ያልጻፈ አላገዘም ይላሉ። የፍላተር መዝገብ ውስጥ ከአሥር ሺህ በላይ ያልተዘጉ ሪፖርቶች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለት አንድ ዓይነት የሆኑትን ለይቶ ማገናኘት፣ አንዱን «በአዲሱ ስሪት ሞከርኩት፤ አሁንም አለ» ብሎ ማረጋገጥ፣ የሌላውን ስህተት በሃያ መስመር ኮድ እንደገና አስነስቶ ማሳየት የጥገናው ዋና ክፍል ነው። ከእኛ በቀር ማንም ሊያየው የማይችለውም አለ። በፍላተር የዊጀት (እንደ ቁልፍና ጽሑፍ ያሉ የስክሪን ክፍሎች) ፈተና ውስጥ ጽሑፍ የሚሳለው ለፈተና ብቻ በተዘጋጀ ፎንት ነው፤ ፊደሎቹ እኩል ካሬ ሳጥን ሆነው ይወጣሉ። ምክንያቱ በቂ ነው፤ ፈተናው በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ውጤት እንዲሰጥ ነው። ነገር ግን «የክፍያ ማረጋገጫ» የሚለው ጽሑፍ በእውነተኛው የግዕዝ ፎንት ትንሽ ስክሪን ላይ ከቁልፉ ይወጣል አይወጣም፣ ያ ፈተና አያውቅም። ይህን የሚያውቀው አማርኛ የሚያነብ ሰው ስልኩን ይዞ ሲያይ ነው። ቀን መምረጫውም ካልተነገረው በስተቀር የሚቆጥረው በጎርጎርዮስ ነው፤ ጳጉሜን የሚባል ወር መኖሩን አያውቅም። ይህን አይቶ በሥርዓት ጽፎ የላከን ሰው «አላገዘም» ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

አራተኛው፣ የመብራቱና የኔትወርኩ ነገር። ጸሐፊው እዚህ ላይ የጻፉት ችግር እውነት ነው፤ እኔም የምኖረው ነው። መደምደሚያውን ግን አልቀበለውም።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ልንገራችሁ። የምጠቀምበት፣ ሌሎች የጻፉት አንድ ፓኬጅ ወይም ዝግጁ የኮድ ጥቅል (ስሙን አልጠራም፤ የሚጠግኑት ሰዎች ደግ ናቸው) አዲስ ስሪት አወጣ። ከቀየርኩ በኋላ የእቁቡ ዝርዝር በእትዬ ስልክ ላይ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሁለቱ ስሪቶች መካከል ሦስት መቶ ያህል የኮድ ለውጦች ነበሩ። የፓኬጁን ታሪክ ቀን ላይ ሙሉውን አውርጄው ነበር። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ፤ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ጊትን፣ የኮድ ለውጥ የሚመዘገብበትን ፕሮግራም፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሠራው የፕሮጀክቱ ታሪክ በሙሉ በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ እንዲቀመጥ አድርጎ ነው። አንዴ ያወረደ ሰው ወደ ኋላ ለመሄድ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ጊት ውስጥ ባይሴክት የሚባል ትእዛዝ አለ። «ይህ ስሪት ደህና ነበር፣ ይህ ተበላሽቷል» ስትለው መሃሉን ያወጣልሃል፤ ሞክረህ «ደህና» ወይም «ብልሽት» ስትለው ደግሞ የቀረውን ግማሽ ይከፍለዋል። ሦስት መቶ ለውጥ ቢበዛ በዘጠኝ ሙከራ ያልቃል። የዳርት ፓኬጆቹም የግሬድል (የአንድሮይድ አፕ ማዘጋጃው) ፋይሎቹም ቀድሞ ካሽ ላይ ስለነበሩ ሁለቱንም በኦፍላይን አማራጭ አስኬድኳቸው። አንዱን ሙከራ ፕሮፋይል ሞድ ላይ አዘጋጅቶ ስልኩ ላይ ለመጫን ስድስት ደቂቃ ይወስድብኛል፤ ለመለካት ሦስት። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሼ፣ በላፕቶፑ ባትሪ ብቻ፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ ላይ ጨረስኩ።

ጥፋተኛው ለውጥ ተገኘ። አንድ ሰው ለማማር ብሎ እያንዳንዱን ረድፍ በከፊል ግልጽ በሆነ ንብርብር ጠቅልሎት ነበር። እንዲህ ያለ ንብርብር ሲኖር ሞተሩ ረድፉን መጀመሪያ ለብቻው በሌላ ቦታ ይስለውና ከዚያ መልሶ ስክሪኑ ላይ ያሳርፈዋል። ጥሩ ስልክ ላይ አይታወቅም። የእትዬ ስልክ ላይ ግን የራስተሩ ሥራ ከተፈቀደለት ጊዜ አልፎ ነበር። ዴቭቱልስ የለካውን ወደ ፋይል አውጥቶ ማስቀመጥ ይችላል፤ ሌላ አገር ያለ ሰው ያንን ፋይል ከፍቶ እኔ ያየሁትን ፍሬም በፍሬም ያያል፤ ስልኩ እጁ ላይ ባይኖርም። ኔትወርኩ ሲነጋ ሲመለስ ፋይሉንና የለውጡን ቁጥር አያይዤ ላክሁ። ከጠጋኞቹ አንዱ በሦስተኛው ቀን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ መለስኩለት። በሚቀጥለው ስሪት ተስተካክሎ ወጣ።

ከዚህ ሆኜ የማልችለው ሥራም አለ፤ አልክድም። የፍላተርን ሞተር ከሥሩ፣ ከሲ ፕላስ ፕላስ ኮዱ ጀምሮ ማዘጋጀት ብዙ ጊጋባይት ማውረድና ጠንካራ ኮምፒውተር ይጠይቃል። እኔ አልሞክረውም፤ ጀማሪዎችም እዚያ እንዲጀምሩ አልመክርም። ዴቭቱልስ ግን ራሱ በዳርትና በፍላተር የተጻፈ፣ የራሱ መዝገብ ያለው ፕሮጀክት ነው። አፕ መሥራት የሚችል ልጅ ኮዱን ከፍቶ ማንበብ ይችላል። የማይቻለውን እየቆጠርን ከምንቀመጥ የሚቻለውን ለይተን ብንይዝ ይሻላል።

የመጨረሻው፣ የራሳችንን ፍሬምወርክ እንሥራ የሚለው ሐሳብ፣ የሚያኮራ ሆኖ ስለሚሰማ ብዙ ጭብጨባ አግኝቷል። የፍሬምወርክ ዋጋው ግን መጀመሪያ መጻፉ ላይ አይደለም፤ ከተጻፈ በኋላ ባሉት ዓመታት ላይ ነው። አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። አንድሮይድ ለረጅም ጊዜ ሜሞሪን ሲቆጥር የኖረው በ4 ኪሎባይት ገጽ ነበር፤ አሁን 16 ኪሎባይት የሚጠቀሙ ስልኮች እየመጡ ነው። ጎግል ፕሌይም ለአንድሮይድ 15 እና ከዚያ በላይ የሚዘጋጁ አዳዲስ አፖችና ማሻሻያዎች ከኖቬምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ይህን እንዲደግፉ ጠየቀ። ይህ ማለት በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ያለበት ፍሬምወርክ ሁሉ እንደገና ተዘጋጅቶ መውጣት ነበረበት። የፍላተር ተጠቃሚ ስሪት ቀየረ፣ የቀሩትን ፓኬጆች አረጋገጠ፣ አለፈ። አምስት ሆነን የራሳችንን ሠርተን ቢሆን ኖሮ ያን ወር ሌላ ሥራ አይኖረንም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ ይመጣል፤ ፕሌይ አፖች የሚነጣጠሩበትን የአንድሮይድ ደረጃ በየዓመቱ ከፍ ያደርጋልና። የራሳችንን መሥራት የሚገባን ነገር ሞልቷል፦ የግዕዝ ፎንት ፈተና፣ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ያለው ቀን መምረጫ፣ በአማርኛ የተጻፈ የዴቭቱልስ መመሪያ። ጉልበታችን እዚያ ቢውል ደስ ይለኛል።

ጸሐፊው መሳቢያቸው ውስጥ ከአንድሮይድ 10 በታች የሆነ አሮጌ ስልክ ካላቸው፣ እንዲህ ያለ ስልክ ያለው ሌላ ሰውም ቢሆን፣ ቻርጅ አድርገው የራሳቸውን አፕ በፕሮፋይል ሞድ ይጫኑበት። ረጅሙን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ይሳቡት፤ ዴቭቱልስ ላይ በቀይ የሚታዩትን ፍሬሞች ይቁጠሩና ፋይሉን ያውጡት። የእትዬን ስልክ ልኬት አዲስ ስሪት በወጣ ቁጥር እኔ እወስዳለሁ፤ እሳቸውም ስልኩን እሑድ ከሰዓት፣ እቁቡ ከተጣለ በኋላ፣ ያውሱኛል።